ማንም ያላዘዘው ኮድ

በ2043 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 29 ቀን ይውላል። ሃያ መስመር የማይሞላ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ግን «ሚያዝያ 22 ነው» ብሎ ድርቅ ይላል። ኮድ መሳሳቱ ብርቅ ሆኖ አይደለም፤ ይህኛው ግን ያንኑ ስሕተት በሆዱ ይዞ ስለ 1967፣ ስለ 1986 እና ስለ 2005 ሲጠየቅ ትክክለኛውን ቀን ይናገራል። ስለ 2024 ቢጠየቅም አይሳሳትም። ጉዱ የሚወጣው በ2043 ብቻ ነው።

ፕሮግራሙ የማንም ድርጅት ንብረት አይደለም። የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የሚቀምረውን ባሕረ ሐሳብን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኮድ ለመገልበጥ የተቀመጠ ሰው፣ ማታ ከሥራ በኋላ፣ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ባለው ጊዜ ሊጽፈው የሚችል ነው። አለቃ አላዘዘውም፣ ደንበኛ አልከፈለበትም፣ ማስረከቢያ ቀን የለውም። ቀኑ ደግሞ በየቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካላንደር ታትሞ ይገኛል። ታዲያ ሰው ለምን ይደክማል? ይህ ምዕራፍ የሚያወራው ስለዚህ ድካም ነው፤ ወደ ስሕተቱ በኋላ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ስለ መሣሪያው። የኮምፒዩተር ቋንቋዎች በአሠራራቸው ይለያያሉ። እንደ ሲ ባሉት ቋንቋዎች ፕሮግራመሩ ኮዱን ጽፎ ይጨርስና ኮምፓይል ያደርጋል፤ ማለትም ሙሉው ጽሑፍ ማሽኑ በቀጥታ ወደሚያስኬደው ቋንቋ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ነው ፕሮግራሙ የሚሠራው። የስክሪፕት ቋንቋ በሚባሉት በፓይተን፣ በፐርል፣ በሩቢና በጃቫስክሪፕት ግን ኢንተርፕሪተር የተባለ አንባቢ መሐል ላይ ተቀምጦ፣ የተጻፈለትን ወዲያው እያነበበ ይፈጽማል። ፓይተንን ከፍቶ ከሦስቱ የቀስት ጫፎች (>>>) ፊት አንድ መስመር የጻፈ ሰው መልሱን እዚያው ያገኛል። ሌላ ይጠይቃል፤ ሌላ ይመለስለታል።

ለገበያ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። «ይኼ ስንት ነው?» ብሎ ዋጋ ጠይቆ፣ ሳይገዙ ማለፍ እንደማለት ነው። መጠየቅ ነጻ ሲሆን ሰው ብዙ ይጠይቃል፤ የማይረባውንም ይጠይቃል። በእርግጥ የሚከፈል ነገር አለ፤ ከባድ ስሌት ላይ የስክሪፕት ቋንቋ ከሲ በብዙ እጥፍ ሊዘገይ ይችላል። ለአንድ ሰው የማታ ሙከራ ግን የማሽኑ ሰከንድ ከሰውየው ሰዓት ጋር አይወዳደርም።

ቋንቋዎቹ ራሳቸውም የተወለዱት እንዲሁ ነው። ጊዶ ቫን ሮሰም አምስተርዳም በሚገኘው የሒሳብና የኮምፒዩተር ሳይንስ ብሔራዊ የምርምር ተቋም ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989 የገና ሰሞን ቢሮው ሲዘጋ፣ ቤቱ ውስጥ ኮምፒዩተር እንጂ ሥራ አልነበረውም። ቀደም ሲል ተሳትፎበት የነበረውን ኤቢሲ የተባለ የማስተማሪያ ቋንቋ መልካም ጎኖች ይዞ፣ ያናደዱትን ጎኖች ጥሎ፣ ለመዝናኛ ያህል አዲስ ቋንቋ ጀመረ። ስሙንም ይወደው ከነበረው የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ኮሜዲ፣ ከሞንቲ ፓይተን፣ ወሰደ። በየመጽሐፉ ሽፋን ላይ የተጠቀለለው ዘንዶ ኋላ የመጣ እንግዳ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1991 ነበር።

የፐርል አባት ላሪ ዎል ታሪክ ለእኛ ቀረብ ይላል። ዎል የተማረው የቋንቋ ጥናት ነው። እሱና ባለቤቱ ያሰቡት ወደ አፍሪካ መጥተው ጽሕፈት የሌለው ቋንቋ ፈልገው፣ ፊደል ቀርጸውለት፣ መጽሐፍ ቅዱስንም ወደዚያ ቋንቋ ለመተርጎም ነበር። የጤና ችግር ዕቅዱን አሰናከለውና ፕሮግራመር ሆነ። የተበታተኑ የጽሑፍ ፋይሎችን አጣርቶ ሪፖርት የማውጣት ሥራ ሲገጥመው በእጁ ያሉት መሣሪያዎች አልበቃ አሉት፤ የራሱን ሠራ። ፐርል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1987 ወጣ። ለአፍሪካ ፊደል ሊቀርጽ የተነሣው ሰው የሠራው ቋንቋ፣ ከዓመታት በኋላ ፊደል ካላት አፍሪካዊት አገር ጽሕፈት ጋር እንዴት እንደተገናኘ ጥቂት ቆይተን እናያለን።

አሁን ስለ ሙከራ። ለግል ሙከራ ኮድ በመጻፍ በጣም ከሚታወቁት ሰዎች አንዱ ፒተር ኖርቪግ ነው። ኖርቪግ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የሚነበብ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መማሪያ ከስቱዋርት ራስል ጋር የጻፈ፣ በጎግል የምርምር ክፍልን የመራ ሰው ነው። ትልቅ ሥራ አላጣም። ሆኖም ትንንሽ የፓይተን ፕሮግራሞችን ለዓመታት ሲጽፍና ሲያብራራ ኖሯል። ስብስቡን የሰየመው የሙዚቃ ተማሪ ጣቶቹን ለማፍታታት ከሚጫወታቸው አጫጭር ልምምዶች ስም ወስዶ፣ ከፓይተን ጋር አዳቅሎ ነው። የሱዶኩ እንቆቅልሽ የሚፈታውን ፕሮግራም የጻፈበትን ምክንያት ሲናገር፣ ባለቤቱን ጨምሮ የሚያውቃቸው ሰዎች በጨዋታው ሱስ ስለተያዙ፣ ማሽን እንደሚፈታው ካዩ ይተዉታል ብሎ አስቦ እንደነበር ይገልጻል። ጓደኞቹ አልተዉም። ባለቤቱ ኋላ ላይ በራሷ ጊዜ ተወችው።

የበለጠ የሚያስተምረው ግን የፊደል ግድፈት አራሚው ነው። ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ሁለት ወዳጆቹ ጎግል የተሳሳተ ቃል ሲጻፍለት ትክክለኛውን እንዴት እንደሚያውቅ እንደገረማቸው ነገሩት። ሰዎቹ የተማሩ መሐንዲሶች ነበሩ፤ ኖርቪግ ያውቁታል ብሎ ያሰበውን ነገር ግን አያውቁትም ነበር። አውሮፕላን ተሳፍሮ አህጉር ሲያቋርጥ፣ ግማሽ ገጽ ያህል በሆነ የፓይተን ኮድ አራሚ ሠራ።

አሠራሩ ይህ ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ትልቅ ጽሑፍ ያነባል፤ ኖርቪግ ከተጠቀመባቸው መካከል የሸርሎክ ሆምስ ታሪኮች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ ይቆጥራል። ከዚያ የማያውቀው ቃል ሲሰጠው በአንድ እርምጃ ሊደረስባቸው የሚችሉ ቃላትን ሁሉ ይደረድራል፦ አንድ ፊደል ይጥላል፣ ሁለት ጎረቤታሞችን ያለዋውጣል፣ አንዱን በሌላ ይተካል፣ አንድ ይጨምራል። ከተደረደሩት መካከል በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙትን ይለይና ብዙ ጊዜ የመጣውን ይመርጣል። ካላገኘ ሁለት እርምጃ ይሄዳል። ሰዋስው የለ፣ መዝገበ ቃላት የለ፤ መቁጠር ብቻ። ደራሲው ራሱ ባቀረበው ፈተና ከአራት ቃል ሦስቱን ያህል አቃንቷል።

ይህን ኮድ አማርኛ ላይ የሞከረ ሰው ወዲያው ሌላ ዓለም ውስጥ ይገባል። እንግሊዝኛ 26 ፊደል አለው። ባለ አምስት ፊደል ቃል በአንድ እርምጃ የሚወልዳቸው አማራጮች 295 ናቸው፤ በሁለት እርምጃ ድግግሞሹ ሳይቀነስ ወደ 95 ሺህ ይደርሳሉ። አማርኛ ግን 33 ፊደል በሰባት ረድፍ ነው፤ ዲቃላዎቹን ትተን እንኳ 231 ይሆናል። ባለ አምስት ፊደል ቃላችን በአንድ እርምጃ 2,550፣ በሁለት እርምጃ ከ7 ሚሊዮን በላይ አማራጭ ይወልዳል። በእንግሊዝኛ ዓይን ሳይርገበገብ የሚመልሰው ፕሮግራም፣ በአማርኛ ላፕቶፑን እያስጮኸ ያስጠብቃል።

ይህ የቁጥሩ ችግር ነው፤ የቋንቋው ችግር ይብሳል። የኖርቪግ አራሚ ያላየውን ቃል አያውቅም። አማርኛ ደግሞ አንዱን ግስ ይዞ «ተሰበረ»፣ «ተሰባበረ»፣ «ካልተሰበረባቸው»፣ «ስለሚሰበርብን» እያለ ሲያራባ ቢውል አይጨርስም። የሸርሎክ ሆምስን ያህል ቀርቶ የአንድ ጋዜጣ የዓመት እትም ቢነበብለት፣ ትክክለኛ ሆነው ሳሉ ያልታዩ ቅርጾች ይበዛሉ። አንዳንዱ ሞካሪ ፊደሉን ወደ ተነባቢና አናባቢ ሰንጥቆ የምልክቱን ቁጥር ይቀንሳል። አንዳንዱ ቅጥያዎቹን እየገፈፈ ወደ ሥሩ ለመውረድ ይሞክራል። ብዙው እዚህ ላይ ይተወዋል፤ በግል ሙከራ መተው ነውር አይደለም። ሰውየው ግን አራሚውን ባይጨርስም፣ በየቀኑ የሚናገረው ቋንቋ እንዴት እንደተገነባ ከዚያ በፊት አስቦት በማያውቀው መንገድ አይቶታል።

ለመሆኑ ፊደላችን ኮምፒዩተር ውስጥ ምን ይመስላል? ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው ቅጂ ነው። ለፓይተን «የሀ ቁጥሩ ስንት ነው?» ብንለው 4608 ይላል። ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632 ናቸው፤ በስምንት በስምንት ይራመዳሉ። ስለዚህ የአንድን ፊደል ቁጥር ለስምንት አካፍሎ ትራፊውን ማየት ረድፉን ይነግራል፦ ዜሮ ግዕዝ፣ አንድ ካዕብ፣ ሁለት ሣልስ፣ እያለ እስከ ሳብዕ፤ ሰባት ከቀረ ብዙውን ጊዜ እንደ ሏ ያለ ዲቃላ ነው። የኔታ በመቃ እንጨት እያመለከቱ ያስቆጠሩት ገበታ በሁለት መስመር ኮድ ስክሪን ላይ ይዘረጋል። ቈ ጋ ሲደርስ ግን ገበታው ይቦረቦራል፤ ቈ፣ ቊ፣ ቋ፣ ቌ፣ ቍ አሉ፣ ካዕብና ሳብዕ የሉም፤ በባዶው ቦታ ፎንቱ ትንሽ ሣጥን ያስቀምጣል። ይህን ሣጥን አይቶ «ምን ነካው?» ብሎ የደነገጠ ሁሉ ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ተምሯል።

ፐርል የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። የፐርል ተጠቃሚዎች የሠሯቸውን መሣሪያዎች የሚያጠራቅሙበት ሲፓን የሚባል ግዙፍ ጎተራ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ክፍት ነው። ከጎተራው ውስጥ የዳንኤል ያዕቆብ ስም ያለባቸው የግዕዝ መሣሪያዎች ይገኛሉ። ዳንኤል የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ቦታውን እንዲይዝ ለዓመታት ከሠሩት ሰዎች አንዱ ነው። መሣሪያዎቹ ማንም ሰው ኮዱን አውርዶ እንዲጠቀምበት የተተዉ ናቸው፦ አንዱ የኢትዮጵያን ቀን ይቀምራል፣ አንዱ የአማርኛን ቃል በድምፁ ይመድባል፣ አንዱ በጽሑፍ ውስጥ ፊደልን በረድፉ ወይም በሞክሼው ለመፈለግ ያስችላል።

የመጨረሻው ጥቅሙ ለማን እንደሆነ «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ፋይል ውስጥ የፈለገ ያውቀዋል። የመጀመሪያውን ድምፅ ሰው በስድስት ፊደል ሊጽፈው ይችላል፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሥ በሁለት፣ ሴ በሁለት ይጻፋል። ሲባዛ 24 አጻጻፍ ይሆናል፤ ሁለቱን ክፍል አያይዞ የሚጽፈው ሲጨመር 48። የስም ዝርዝር በኮምፒዩተር በሚያዝበት ቢሮ ሁሉ «ስምህ የለም» የሚባል ሰው አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። መፍትሔውን የሚጽፈው ሰው ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ወገን የሚመልስ አጭር ሰንጠረዥ ያዘጋጃል፤ የትኛውን ወገን ይምረጥ የሚለው ክርክር ግን ከኮዱ ይረዝማል።

ከዳንኤል መሣሪያዎች ሌላው የተለመደውን ቁጥር ወደ ግዕዝ ቁጥር ይለውጣል። ቀላል ይመስላል። ጀማሪው 1ን በ፩፣ 2ን በ፪ እየተካ ይሄድና 10 ላይ ይቆማል፤ በግዕዝ ዜሮ የለም። ግዕዝ ለአሥር፣ ለሃያ፣ ለሠላሳ እስከ ዘጠና የራሱ ምልክት አለው፤ ከዚያ ለመቶ ፻፣ ለአሥር ሺህ ፼። ምስጢሩ ቁጥሩን ከቀኝ ወደ ግራ ሁለት ሁለት እያደረጉ መቁረጥ ነው። 123456 ሲቆረጥ 12፣ 34፣ 56 ይሆናል፤ መካከለኛው ጥንድ ፻ን፣ የግራው ፼ን ያስከትላል፤ ውጤቱ ፲፪፼፴፬፻፶፮። ቁጥሩ ረዘም ካለ ፻ና ፼ እየተፈራረቁ ይቀጥላሉ።

የሚያታልለው አንድ ነው። መቶ ሲጻፍ ፻ እንጂ ፩፻ አይባልም፤ አሥር ሺህም ፼ ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ፩ን መጣል አለበት። ሁልጊዜ ከጣለው ደግሞ ይሳሳታል፤ 78,010,092 በግዕዝ ፸፰፻፩፼፺፪ ነው፤ መሐል ያለው ፩ ቢጠፋ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ደንቡ ተጣርቶ ሲጻፍ፦ ፩ ከ፻ በፊት ሁልጊዜ ይጣላል፤ ከ፼ በፊት የሚጣለው ቁጥሩን የሚጀምር ከሆነ ብቻ ነው። በዚህ ደንብ ሚሊዮን ፻፼ ይሆናል። ብራናን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ሊቅ ይህን ሳያስበው ይጽፈዋል፤ ለማሽን ሲነገር ግን ያልተባለ ነገር መቅረት የለበትም። ዛሬ ተመሳሳዩ ደንብ በድረ ገጽ አሠራር መለኪያዎች ውስጥ ገብቶ፣ ዝርዝርን በግዕዝ ቁጥር መደርደር አንድ ቃል የመጻፍ ያህል ቀሏል።

ፓይተን በበኩሉ ለግዕዝ ቁጥር ያለው አመለካከት ያስቃል። «ይህ አኃዝ ነውን?» የሚለውን ጥያቄ ለ፩ ሲጠየቅ «አዎ» ይላል። ለ፲ ሲጠየቅ «አይደለም» ይላል። ፼ ምን ያህል ነው ቢባል ግን ሳያወላውል አሥር ሺህ ብሎ ይመልሳል። ይህን አይቶ የተደፋፈረ ሰው «እንግዲያው ፩ን ወደ ቁጥር ለውጥልኝ» ሲለው በኤረር ይመልሰዋል፤ የዓረብኛውን ሦስት ቢሰጠው ግን ያለምንም ማንገራገር ይለውጠዋል። ንቀት አይደለም። ዩኒኮድ «አሥርዮሽ አኃዝ» የሚለው ዜሮ ኖሮት በቦታው ዋጋ የሚደረደረውን ብቻ ነው፤ የግዕዝ ቁጥር አቆጣጠሩ ሌላ ስለሆነ በሌላ ክፍል ተመዘገበ። ይህን ማንም አያስተምርም። ከሦስቱ የቀስት ጫፎች ፊት ቁጭ ብሎ የማይረባ የሚመስል ጥያቄ የጠየቀ ያገኘዋል።

ወደ ፋሲካው እንመለስ።

ባሕረ ሐሳብን ትውፊቱ ለእስክንድርያው 12ኛ ፓትርያርክ ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ፕሮግራመር ሲያየው የመጀመሪያው ስሜት መደነቅ ነው፤ ሙሉ በሙሉ በማካፈልና ትራፊ በመያዝ የሚሄድ ስሌት ነውና። የስክሪፕት ቋንቋዎች ትራፊን የሚይዙት የመቶኛን ምልክት በሚመስል አንድ ምልክት ነው፤ የባሕረ ሐሳብ ፕሮግራም በዚህ ምልክት ይሞላል።

2016ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7516 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ አንድ ለዘመን ተቀንሶ ወንበር 10። ወንበር በ11 ተባዝቶ 30 ሲገደፍ አበቅቴ 20፤ በ19 ተባዝቶ 30 ሲገደፍ መጥቅዕ 10። ሁለቱ ተደምረው 30 መምጣታቸው ስሌቱ እንዳልተዛባ ያሳያል፤ ሊቃውንቱ የዛሬ ፕሮግራመሮች ቴስት የሚሉትን ቀድመው አስገብተውበታል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። «በትክክል 14 ቢሆንስ?» የሚል ካለ፣ አሥራ ዘጠኙን ወንበር በሙሉ የሚዞር አንድ መስመር ጽፎ ማየት ይችላል፤ 14 የሚባል መጥቅዕ የለም።

ቀጥሎ በዓለ መጥቅዕ የዋለበት ዕለት ይታያል። ጥቅምት 10 ቀን 2016 ቅዳሜ ነበር። ዕለታቱ ተውሳክ አላቸው፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። አሥርና ስምንት 18፤ ይህ መባጃ ሐመር ይባላል። መጥቅዕ በጥቅምት ከዋለ ነነዌ በየካቲት ነው፤ ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 18። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ሚያዝያ 27፤ የ2016 ፋሲካ የዋለውም በዚያ ቀን ነው።

ጀማሪው ይህን ቃል በቃል ይገለብጠዋል፦ ለ19 አካፍል፣ ትራፊውን ያዝ፣ አንድ ቀንስ። በ2005 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7505 ነው፤ ለ19 ያለ ትራፊ ይካፈላል። ዜሮ ላይ አንድ ሲቀነስ ወንበር ከዜሮ በታች 1 ሆነ! የአብነት ተማሪ እዚህ አይሳሳትም፤ ያለ ትራፊ ሲካፈል ወንበሩ 18 እንደሆነ ተነግሮታል። ለማሽኑ ግን የነገረው የለም።

ጃቫስክሪፕት ቢሆን ይህ ስሕተት ይጋለጥ ነበር፤ መጥቅዕን «ከዜሮ በታች 19» ብሎ ያወጣና ሰውየው ክው ይላል። ፓይተን፣ ፐርልና ሩቢ ግን የአሉታዊን ቁጥር ትራፊ በአዎንታዊ ስለሚመልሱ 11 ይላሉ። ትክክለኛው 12 ነው። 11 መጥቅዕ ይመስላል፤ ከአበቅቴው ጋር ሲደመርም 30 ይመጣል። ያ ጥንታዊ ቴስት ሳይቀር ይታለላል።

ከዚያም በላይ የሚያስገርመው የፋሲካው ቀን ሳይዛነፍ መውጣቱ ነው። ጥቅምት 12 ቀን 2005 ሰኞ ነበር፤ 12 ሲደመር 6፣ 18። በተሳሳተው ስሌት ጥቅምት 11 እሑድ ነው፤ 11 ሲደመር 7፣ ያው 18። ተውሳክ የተሠራው ከቅዳሜ እስከ ዓርብ ያለውን ዕለት ሁሉ ሰብስቦ ወደ አንድ ሰኞ ለማድረስ ስለሆነ፣ የአንድ ቀን ስሕተትን ይውጠዋል። በ1967፣ በ1986፣ በ2024ም እንዲሁ ነው። ስሕተቱ የሚታየው ትክክለኛው መጥቅዕ ቅዳሜ ሲውል ብቻ ነው፤ ያኔ የተሳሳተው ወደ ቀደመው ሳምንት ዓርብ ይሸሻል። ጥቅምት 12 ቀን 2043 ቅዳሜ ነው። ትክክለኛው 12 ሲደመር 8፣ የካቲት 20፤ ስሑቱ 11 ሲደመር 2፣ የካቲት 13። ሙሉ ሳምንት።

ሌላም አለ። በ2006 ትራፊው 1 ስለነበር ወንበር ዜሮ ነው። መጥቅዕ 30 ሆኖ በመስከረም መዋል ሲገባው ፕሮግራሙ ዜሮ ይላል፤ «ጥቅምት 0» ማለቱ ነው። ዕለቱን ወደ ኋላ ቆጥሮ የሚያገኝ ኮድ ከሆነ ከጥቅምት 1 አንድ ቀን በፊት ያለው መስከረም 30 ነውና፣ ተሳስቶ ትክክል ይገባል። እንዲህ ያለው ዕድል ፕሮግራመርን ያበላሻል።

እርማቱ ከአንድ ቅንፍ አይበልጥም። አንዱን ከማካፈል በኋላ መቀነሱ ቀርቶ፣ ከዓመተ ዓለሙ ላይ ቀድሞ ቀንሶ ለ19 ማካፈል ነው። 7505 መጀመሪያ 7504 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 18 ይተርፋል። መጥቅዕ ዜሮ ሲመጣ 30 የሚያደርግ አንድ መስመር ደግሞ ይጨመራል። ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙ ስለ 2043 ሲጠየቅ ሚያዝያ 29 ይላል።

አንባቢ ኮምፒዩተር ሳይከፍት እርሳስና ወረቀት ይዞ በ2019 ሊሞክረው ይችላል። መስከረም 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ዓርብ ነው። መጥቅዑ ጥቅምት ላይ፣ ያውም ቅዳሜ ቀን ይውላል፤ ፋሲካው ሚያዝያ 24 ካልመጣ ስሌቱን ከወንበሩ ጀምረው ይመልከቱት።